የተናገሩትና ያደረጉት፦ የአውሮፓ ፓርቲዎች አቋማቸውን የለወጡባቸው ሦስት መንገዶች

አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የተናጋሪው ብቻ ሳይሆን የሰሚውም ንብረት እንደሚሆን፣ ቃሉን ያጠፈ ሰው በአደባባይ የሚቆምበት እግር እንደማይኖረው የሚያስገነዝብ ብርቱ አባባል ነው። በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ ከአውሮፓ ታላላቅ የፖለቲካ ፓርቲዎች መካከል ሳይቀልል የሚቀር ስለመኖሩ ያጠራጥራል። ካፒታሊዝም ይፈርሳል ብለው የተነሡት ከገበያው ጋር ታርቀዋል፤ ጦርነትን እናስቆማለን ያሉት ለጦርነት በጀት አጽድቀዋል፤ ከጦር ቃል ኪዳን ጋር አንገባም ብለው የተመረጡት ደግሞ ሕዝባቸው በቃል ኪዳኑ ውስጥ እንዲቆይ ተማፅነዋል።

ይሁን እንጂ አቋም መለወጥ በራሱ ነውር አይደለም። ዘመን ይለወጣል፣ ሠራተኛው ይለወጣል፣ ፋብሪካው ይለወጣል፤ አያቶቹ በጻፉት ቃል ላይ ሙጭጭ ብሎ የሚቀር ፓርቲ ለታሪክ ቤተ መዘክር እንጂ ለመንግሥትነት አይበቃም። ጥያቄው ለውጡ እንዴት መጣ የሚለው ነው። በግልጽ ተነግሮና ተከራክረውበት? ወይስ ቃሉ በወረቀት ላይ እንዳለ ተቀምጦ፣ ሥራው በጓዳ በኩል ሌላ አቅጣጫ ይዞ? ወይስ ሁለት ፍች በሚሸከም ቃል ተሸፍኖ? ይህን ሦስተኛውን መንገድ በሰምና ወርቅ ቅኔ ያደገ የአማርኛ አንባቢ ለመረዳት አይቸገርም። ጀርመን፣ ብሪታንያና ስፔን ለእነዚህ መንገዶች እያንዳንዳቸው ጉልህ ምሳሌ ትተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ራስ ያለው ፕሮግራም

የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ በ1891 በኤርፉርት ከተማ ሲሰበሰብ ከአሥራ ሁለት ዓመት እገዳ ገና መውጣቱ ነበር። ቢስማርክ በ1878 ያወጣው ፀረ ሶሻሊስት ሕግ የፓርቲውን ማኅበራትና ጋዜጦች ዘግቶ፣ ብዙዎቹን መሪዎች ለእስርና ለስደት ዳርጎ፣ በ1890 ሳይታደስ ቀረ። ከዚህ መከራ የወጣው ጉባኤ ያጸደቀው ፕሮግራም በሁለት ሰዎች ብዕር የተረቀቀ፣ ሁለት ክፍል ያለው ሰነድ ነው።

የንድፈ ሐሳቡን ክፍል ካርል ካውትስኪ ጻፈው። በዚህ ክፍል የካፒታሊዝም ሥርዓት በራሱ ቅራኔ እየተናጠ እንደሚሄድ፣ ትንሹ ባለሀብት እየጠፋ ሠራተኛው እየበዛ እንደሚመጣ፣ የማምረቻ መሣሪያዎችም የኅብረተሰቡ የጋራ ንብረት መሆን እንዳለባቸው ተደነገገ። ተግባራዊውን ክፍል ያረቀቀው ኤድዋርድ በርንሽታይን ነበር። በዚህኛው ክፍል የተዘረዘሩት ጥያቄዎች ሴቶችን የሚጨምር የምርጫ መብት፣ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን፣ በነጻ የሚሰጥ ትምህርትና ሕክምና ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል ሥርዓቱ ይፈርሳል ይላል፤ ሁለተኛው በዚያው ሥርዓት ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ መሻሻሎችን ይጠይቃል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ በሰላም ኖሩ። በሜይ ዴይ ሰልፍ ላይ የካውትስኪ ቃል ይሰማል፤ በፓርላማውና በሠራተኛ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የበርንሽታይን ቃል ይሠራል።

ይህን ክፍተት በአደባባይ የጠቆመው ራሱ በርንሽታይን ነበር። በለንደን በስደት በኖረባቸው ዓመታት የሠራተኛው ኑሮ እንደተተነበየው እየከፋ አለመሄዱን፣ መካከለኛው መደብም አለመጥፋቱን ታዘበ። ከ1896 ጀምሮ በተከታታይ ባወጣቸው ጽሑፎችና በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ፓርቲው በተግባር የሆነውን በቃልም እንዲሆን፣ ማለትም የዴሞክራሲና የማሻሻያ ፓርቲ መሆኑን ሳያፍር እንዲያውጅ ጠየቀ። ሮዛ ሉክሰምቡርግ አጥብቃ ተቃወመችው። በ1903 በድሬስደን የተደረገው ጉባኤም የበርንሽታይንን አመለካከት በከፍተኛ ድምፅ አወገዘ። በኢትዮጵያ የተማሪዎች ንቅናቄና በአብዮቱ ዘመን ወጣቶች እርስ በርስ ሲወጋገዙበት የነበረው «ከላሽ» የሚለው ቃል የትውልድ ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚሁ የጀርመናውያን ክርክር ነው።

አይባልም፣ ይደረጋል

በዚያ ሁሉ ሙግት መካከል እጅግ ብልጥ የሆነውን ቃል የተናገረው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ነው። የፓርቲው ጸሐፊ ኢግናትስ አወር ለበርንሽታይን በጻፈለት ደብዳቤ፣ እንዲህ ያለ ነገር በጉባኤ እንደማይወሰን፣ በአፍም እንደማይነገር፣ ነገር ግን እንደሚደረግ በወዳጅነት መከረው። አወር ለውጡን አልተቃወመም። የተቃወመው መናገሩን ነበር።

ምክሩ ለጥቂት ዓመታት ያዋጣ መሰለ። በ1912 በተደረገው ምርጫ ፓርቲው 34.8 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ397 የራይኽስታግ መቀመጫዎች 110 ያዘ፤ በጀርመን ትልቁ ፓርቲም ሆነ። አብዮተኛው አብዮቱን፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ደመወዝ ጭማሪውን እያሰበ በአንድ ሰንደቅ ሥር ተሰለፈ። ማንም እንዲመርጥ አልተገደደም።

ምርጫው ሳይጠሩት መጣ። ፓርቲው ከሌሎች አገሮች ሶሻሊስቶች ጋር በ1907 በሽቱትጋርት፣ በ1912 በባዝል ተሰብስቦ ጦርነትን እንደሚቃወም አስታውቆ ነበር። በጁላይ 1914 መጨረሻ ደጋፊዎቹ በበርሊንና በሌሎች ከተሞች የሰላም ሰልፍ ወጡ። ብዙ ቀናት ሳይቆጠሩ፣ ኦገስት 4 ቀን 1914 የፓርቲው እንደራሴዎች ለጦርነቱ የተጠየቀውን ብድር አጸደቁ። በኦስትሪያ ግዛት የነበረው ሌኒን ጋዜጣውን ሲያይ ጠላት ያሳተመው ሐሰተኛ ቅጂ መስሎት እንደነበር ይነገራል። በዲሴምበር ለሁለተኛው ብድር ድምፅ ሲሰጥ ካርል ሊብክነኽት ብቻውን ተነሥቶ ተቃወመ። በ1917 ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ከጦርነቱ በኋላም ቁርሾው ወደ ደም መፋሰስ አደገ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የ1914ቱ ውሳኔ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ፓርቲው ለሃያ ዓመታት በተግባር የመንግሥቱ አካል እየሆነ፣ የሚጠብቀው ሀብት፣ ጋዜጣ፣ ጽሕፈት ቤትና የማኅበር ገንዘብ እያካበተ መጥቶ ነበር። ያልተለወጠው ቃሉ ብቻ ነበር። አባላቱ ቃሉን አምነው ስለኖሩ፣ በተግባር የተደረገውን ለውጥ ያወቁት መመለሻ በሌለበት ሰዓት ሆነ።

ኖቬምበር 1959

ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ያው ፓርቲ ሌላ መንገድ ሞከረ። በ1957ቱ ምርጫ የኮንራድ አደናወር ክርስቲያን ዴሞክራቶች ከባቫሪያ አጋሮቻቸው ጋር 50.2 በመቶ ሲያገኙ ሶሻል ዴሞክራቶቹ 31.8 በመቶ ላይ ቆሙ። በፋብሪካ ሠራተኛው ዘንድ ጠንካራ ቢሆኑም፣ በፋብሪካ የማይሠራው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውና ሱቅ ያለው ሕዝብ በራቸውን አያንኳኳም ነበር። የአዲስ ፕሮግራም ረቂቅ ተዘጋጅቶ በ1958 ለሽቱትጋርቱ ጉባኤ ቀረበ፤ ከዚያም በየአጥቢያው አባላት ተወያዩበት። ከኖቬምበር 13 እስከ 15 ቀን 1959 በቦን አቅራቢያ በባድ ጎደስበርግ የተሰበሰበው ልዩ ጉባኤ 324 ለ16 በሆነ ድምፅ አጸደቀው።

የጎደስበርግ ፕሮግራም የፓርቲውን መሠረት በክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር፣ በሰብአዊነትና በጥንታዊው ፍልስፍና ላይ አኖረ። ማርክስን በስም አላነሣም። የግል ንብረትና ነጻ ውድድር እንዲጠበቁ፣ የመንግሥት ዕቅድም ባስፈለገ መጠን ብቻ እንዲገባ ፈቀደ። የሠራተኛው መደብ ፓርቲ የነበረው የሕዝብ ሁሉ ፓርቲ ሆኗል ሲል በጽሑፍ አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት፣ በጁን 30 ቀን 1960፣ ኸርበርት ቬነር በፓርላማ ባደረገው ንግግር ፓርቲው የምዕራቡን የጦር ቃል ኪዳን መቀበሉን አረጋገጠ።

ለውጡ ያለ ዋጋ አልመጣም። እንደ ቮልፍጋንግ አበንድሮት ያሉ የማርክሳዊ አስተሳሰብ ምሁራን ተቃወሙት፤ የፓርቲው የተማሪዎች ማኅበርም ከእናት ፓርቲው ጋር ተጣልቶ በ1961 ተባረረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምዕራብ ጀርመንን ጎዳናዎች ያናወጠው የተማሪዎች አመፅ ከዚሁ ማኅበር ብዙ መሪዎችን አግኝቷል። የሚጣሉት ግን በየትኛው ነጥብ ላይ እንደተጣሉ ያውቁ ነበር፤ ሰነዱ ታትሞ በእጃቸው ላይ ነበርና። መራጩም እንዲሁ። የፓርቲው ድምፅ በ1961 ወደ 36.2፣ በ1965 ወደ 39.3፣ በ1969 ወደ 42.7 በመቶ ከፍ አለ፤ በዚያው ዓመት ቪሊ ብራንት መራሔ መንግሥት ሆነ። ይህን ሁሉ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ መስጠት ግን ልክ አይሆንም። የአደናወር እርጅና፣ የብራንት ተወዳጅነትና ከ1966 ጀምሮ በጥምር መንግሥት ውስጥ የተገኘው ልምድም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

በካርድ ላይ የቀረው አንቀጽ

ከጎደስበርግ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ በዚያው ኖቬምበር 1959፣ የብሪታንያ ሌበር ፓርቲ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በብላክፑል ተሰበሰበ። እርሱም ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ በምርጫ ተሸንፎ ነበር። መሪው ሂዩ ጌትስኬል በጉባኤው ፊት ቆሞ የፓርቲው ሕገ ደንብ አራተኛ አንቀጽ እንዲታደስ ጠየቀ።

ይህ አንቀጽ በ1918 የጸደቀና በዋነኛነት በሲድኒ ዌብ የተረቀቀ ነው። የማምረቻ መሣሪያዎች በጋራ ባለቤትነት እንዲያዙ፣ በእጃቸውም ሆነ በአእምሯቸው የሚሠሩ ሁሉ የድካማቸውን ሙሉ ፍሬ እንዲያገኙ ያልማል። አንቀጹ ራሱ በጥንቃቄ የተሰፋ ልብስ ነበር። «የጋራ ባለቤትነት» ሲል የመንግሥት ይሁን፣ የማዘጋጃ ቤት ይሁን ወይስ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ አይለይም። በመሆኑም የማዕድን ሠራተኛው፣ የኅብረት ሱቅ አባሉና የከተማው ምሁር እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሕልም አነበቡበት።

ከ1945 እስከ 1951 የክሌመንት አትሊ መንግሥት የእንግሊዝን ባንክ፣ የድንጋይ ከሰሉን፣ የባቡሩን፣ የመብራቱንና የጋዙን ሥራ በመንግሥት ይዞታ ሥር ሲያደርግ ሕልሙ ግማሽ መንገድ ሄደ። ቀሪውን ግማሽ መሄድ የፈለጉ መሪዎች ግን ጥቂቶች ነበሩ። ጌትስኬል ያለው ይህንኑ ነው፦ አንቀጹ ሁሉንም ነገር ልንወርስ የተነሣን ያስመስለናል፤ ያ ደግሞ ዓላማችን አይደለም። ንግግሩ ቁጣ ቀሰቀሰ። የሠራተኛ ማኅበራቱ አልተቀበሉትም። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሃሮልድ ዊልሰን ጉዳዩን ኦሪት ዘፍጥረትን ከመጽሐፍ ቅዱስ ከማውጣት ጋር አመሳሰለው፤ መጽሐፉን ቃል በቃል የማይተረጉም ሰው እንኳ ምዕራፉ እንዲቀደድ አይፈልግም ማለቱ ነበር። በ1960 ጌትስኬል ሐሳቡን ተወ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አወር ለበርንሽታይን የመከረው ዓይነት ነው። አንቀጹ በአባልነት ካርዱ ጀርባ ላይ መታተሙን ቀጠለ። በ1964 እና በ1974 ሥልጣን የያዙት የሌበር መንግሥታት እንደ ብረታ ብረትና መርከብ ግንባታ ያሉ አንዳንድ ዘርፎችን ወደ መንግሥት ይዞታ ቢያዛውሩም፣ የካርዱን ቃል እስከ ፍጻሜው ለማድረስ አልሞከሩም። አባሉ በኪሱ አንድ ነገር ይዞ፣ በጋዜጣው ሌላ ነገር እያነበበ ሠላሳ አምስት ዓመት ኖረ። አንዳንዶች ካርዱን እንደ ጌጥ አዩት። ሌሎች ግን እንደ ውል አዩት፤ መሪዎቹ ውሉን ባፈረሱ ቁጥርም ከዳተኞች እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። በ1979 ሥልጣን ከጠፋ በኋላ ፓርቲውን የከፈለው መራር ጠብ ከዚህ ቁስል ብዙ መግል አግኝቷል። በ1983ቱ ምርጫ የሌበር ድምፅ ወደ 27.6 በመቶ አሽቆለቆለ።

አንቀጹን የለወጠው ቶኒ ብሌር ነው። በ1994 እንደገና በብላክፑል፣ መሪ ሆኖ ባደረገው የመጀመሪያ የጉባኤ ንግግሩ መዝጊያ ላይ፣ ፓርቲው ዓላማውን በዘመኑ ቋንቋ የሚገልጽ መግለጫ እንደሚያስፈልገው ተናገረ። «አራተኛው አንቀጽ» የሚሉትን ቃላት አልጠራም፤ ብዙ ጉባኤተኞችም ምን እንደተባለ የገባቸው ዘግይተው ነው። ለውጡ የተጀመረው በደበዘዘ ቃል ቢሆንም የተፈጸመው በግልጽ ክርክር ነበር። ወራት የፈጀ ውይይት ከተደረገ በኋላ በኤፕሪል 29 ቀን 1995 የተጠራው ልዩ ጉባኤ ሁለት ሦስተኛ ገደማ በሆነ ድምፅ አዲሱን ጽሑፍ ተቀበለ። በ1997 ሌበር በታላቅ የመቀመጫ ብልጫ አሸነፈ። ጎደስበርግና ብላክፑል በአንድ ወር የጀመሩት ሥራ በአንደኛው በሦስት ቀን፣ በሌላው ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ተፈጸመ።

የስፔኑ ኅብረ ቃል

የስፔን ሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ ታሪክ ከሁለቱም ይበልጥ አስተማሪ ነው፤ አንድ መሪ ሁለቱንም መንገዶች፣ ግልጹንም ድብቁንም፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሄዶባቸዋልና።

ፌሊፔ ጎንዛሌዝ የሴቪያ ከተማ ጠበቃ ሲሆን፣ የፍራንኮ አምባገነን አገዛዝ ሳያበቃ በ1974 በፓሪስ አቅራቢያ በሱረን በተደረገ ጉባኤ የፓርቲው መሪ ሆኖ ተመረጠ። በዲሴምበር 1976 ፓርቲው በማድሪድ ተሰብስቦ ራሱን ማርክሳዊ ብሎ ሰየመ። በማርች 1979ኙ ምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትር አዶልፎ ሱዋሬዝ በዘመቻው ማብቂያ በቴሌቪዥን ቀርቦ ይህንኑ ፕሮግራም እያነሣ መራጩን አስጠነቀቀ፤ ሶሻሊስቶቹም ሁለተኛ ወጡ። ጎንዛሌዝ በሜይ ወር ለተሰበሰበው ጉባኤ «ማርክሳዊ» የሚለው መጠሪያ እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ። ጉባኤተኞቹ አልተቀበሉትም። እርሱም ያላመነበትን ቃል ተሸክሞ መሪ መሆንን አልፈለገም፤ ለመሪነት እንደማይወዳደር አስታውቆ ወረደ። ፓርቲው ለወራት በጊዜያዊ ኮሚቴ ተመራ። በሴፕቴምበር የተጠራው ልዩ ጉባኤ ማርክስን ለትንተና ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች እንደ አንዱ ቆጥሮ የጎንዛሌዝን ሐሳብ ተቀበለ፤ መሪነቱንም መለሰለት። ይህ ግልጽ መንገድ ነበር። ሰውየው ሥልጣኑን አስይዞ ተከራከረ፤ አገሩም ሁሉ አየ።

በኔቶ ጉዳይ ግን ሌላ ሰው ሆነ። የሊዮፖልዶ ካልቮ ሶቴሎ መንግሥት ስፔንን ወደ ቃል ኪዳኑ ለማስገባት ሲሰናዳ፣ ሶሻሊስቶቹ በ1981 የተቃውሞ ዘመቻ ከፈቱ። መፈክራቸው «ኦታን፣ ዴ ኤንትራዳ ኖ» የሚል ነበር። ኦታን በስፓኒሽ የኔቶ መጠሪያ ነው። «ኤንትራዳ» መግቢያ ማለት ሲሆን፣ «ዴ ኤንትራዳ» ግን በዕለት ተዕለት ንግግር «ለመነሻው ያህል» የሚል ፍች አለው። በአማርኛ «ኔቶ፣ ከመግቢያው እንቢ» ቢባል ይቀርበዋል። ሰሙ «አንገባም» ነው፤ ወርቁ «ለጊዜው እንቢ፣ ኋላ እናያለን» ነው። የሰላም ሰልፈኛው ሰሙን ሰምቶ አጨበጨበ። የዋሽንግተንና የቦን ዲፕሎማት ወርቁን ለመፈለግ ጊዜ ነበረው።

ስፔን በሜይ 30 ቀን 1982 ኔቶ ገባች። በኦክቶበር 28 ቀን ሶሻሊስቶቹ ከ350 የፓርላማ መቀመጫዎች 202ቱን አግኝተው መንግሥት መሠረቱ፤ በአባልነቱ ላይ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚጠሩም ቃል ገብተው ነበር። ሥልጣን ላይ ሲወጡ ዓለሙ ሌላ መልክ ነበረው። አገሪቱ ወደ አውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ለመግባት እየተደራደረች ነበር፤ የማኅበረሰቡ አባላት አብዛኞቹ ደግሞ የኔቶ አባላት ናቸው። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1981 ፓርላማውን በጠመንጃ ይዞ የነበረው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም፣ ሠራዊቱ ዓይኑን ከአገር ውስጥ ፖለቲካ አንሥቶ ወደ ውጭ እንዲያይ ማድረግ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ አስተምሯል። ጎንዛሌዝ በ1984 በፓርላማ ስፔን በቃል ኪዳኑ እንድትቆይ የሚፈልግ መሆኑን አስታወቀ።

ሕዝበ ውሳኔው በማርች 12 ቀን 1986 ተደረገ። የቀረበው ጥያቄ ራሱ መጠናት ያለበት ጽሑፍ ነው። «ኦታን» የሚለው የተጠላ ቃል በጥያቄው ውስጥ አልገባም፤ በምትኩ «የአትላንቲክ ኅብረት» ተባለ። ሦስት ቅድመ ሁኔታዎችም አብረው ቀረቡ፦ ስፔን በተቀናጀው የጦር መዋቅር ውስጥ አትገባም፤ የኑክሌር መሣሪያ በግዛቷ አይተከልም፣ አይከማችም፣ አይገባም፤ የአሜሪካ ጦር በስፔን ያለው ቁጥር ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ከምርጫው በፊት የተደረጉ የሕዝብ አስተያየት መመዘኛዎች «እንቢ» እንደሚያሸንፍ ያሳዩ ነበር። ጎንዛሌዝ ጉዳዩን ከራሱ መሪነት ጋር አያይዞ ዘመተ። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የቀኙ ፓርቲ ነው። ለኔቶ ጥብቅና ይቆም የነበረው የማኑኤል ፍራጋ ፓርቲ መንግሥቱን ለማሳጣት ሲል ደጋፊዎቹ ድምፅ ከመስጠት እንዲታቀቡ ጠየቀ። ኔቶን የተቃወመው «እሺ በሉ» ሲል፣ ኔቶን የደገፈው «ዝም በሉ» አለ።

ከመራጩ ስድሳ በመቶ የሚጠጋው ወጥቶ 52.5 በመቶው «እሺ» አለ። በካታሎንያ፣ በባስክ፣ በናባራና በካናሪ ደሴቶች «እንቢ» አሸነፈ። ከተቃዋሚው ዘመቻ ውስጥ በዚያው ዓመት «የተባበረው ግራ» የተሰኘ አዲስ የፓርቲዎች ኅብረት ተወለደ። ሶሻሊስቶቹ ግን በጁን በተደረገው ምርጫ 184 መቀመጫ አግኝተው ፍጹም ድምፅ ብልጫቸውን ጠበቁ። በጸረ ኔቶው ዘመቻ ከሶሻሊስቶቹ ጎን የነበረው ሐቪየር ሶላና በ1995 የኔቶ ዋና ጸሐፊ ሆነ። የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታም አልቆየም፤ በሌላ ፓርቲ መንግሥት ዘመን፣ በ1999፣ ስፔን ወደ ጦር መዋቅሩ ሙሉ በሙሉ ገባች።

ብዥታ ስለምን ይመረጣል?

ይህን ሁሉ በመሪዎች ተንኮል ብቻ ማስረዳት አይቻልም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አንተኒ ዳውንስ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለት ፓርቲዎች ለመሐለኛው መራጭ ሲሻሙ አቋማቸውን ማቀራረባቸውና ማደብዘዛቸው ከስሌት የሚመነጭ መሆኑን አሳይቷል። አቋሙን በግልጽ የተናገረ ፓርቲ የሚያስቀይመውን ሰው ያበዛል፤ ያደበዘዘ ፓርቲ ግን እያንዳንዱ ሰው የሚወደውን እንዲያነብ በር ይከፍታል። ጀርመን ተወልዶ በናዚዎች የተሰደደው ኦቶ ኪርኽሃይመር ደግሞ በ1966 በወጣው ጽሑፉ፣ የአንድ መደብ ወይም የአንድ እምነት ፓርቲዎች ሁሉን ሰብሳቢ ወደሆኑ ፓርቲዎች መለወጣቸውን ገለጸ። ሁሉን ለመሰብሰብ የሚፈልግ መረብ ቀዳዳው መጥበብ የለበትም ማለት ነው። ፓርቲው በውስጡ ሲከፋፈልም ደብዛዛ ቃል እንደ ሙጫ ያገለግላል፤ የዌብ አንቀጽ የተሳካለት ለዚህ ነው።

ሙጫው ግን ሁልጊዜ አይዝም። ብሪታንያ በ2016 በ51.9 በመቶ ድምፅ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ከወሰነች በኋላ፣ ሌበር መውጣትን በሚሹ የሠራተኛ ከተሞችና መቆየትን በሚሹ ትልልቅ ከተሞች መካከል ተወጠረ። በ2017 ሁለቱም ወገን የሚወደውን የሚያነብበት ቃል መርጦ 40 በመቶ ድምፅ አገኘ። በዲሴምበር 2019 ግን ጊዜው አልቆ ነበር። ፓርቲው አዲስ ስምምነት ተደራድሮ እንደገና ሕዝበ ውሳኔ እንደሚጠራ፣ መሪው ጄረሚ ኮርቢንም በዚያ ጊዜ ገለልተኛ እንደሚሆን ተነገረ። ውጤቱ 202 መቀመጫ ሆነ፤ ከ1935 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። ለሽንፈቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ ቢሆንም በ2017 ሁለቱን ወገን ያሰባሰበው ብዥታ በ2019 ሁለቱንም አስቀይሟል።

ዕዳው የማን ነው?

እንግዲህ ግልጽነት ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ብዥታ ሁልጊዜ ይሸነፋል ብሎ መደምደም ታሪኩ የማይሸከመው ነው። ጌትስኬል በግልጽ ተናግሮ ተሸነፈ፤ ጎንዛሌዝ በኅብረ ቃል ዘምቶ አሸነፈ። ለስፔን ፍትሕ ለማድረግም፣ መሪው የለወጠውን አቋም መልሶ ለሕዝብ ድምፅ ማቅረቡ በአውሮፓ ታሪክ ብዙ ያልታየ ድፍረት ነው፤ በ1914 የጀርመንን መራጭ የጠየቀው ማንም አልነበረም።

ልዩነቱ የሚታየው ዕዳውን ማን ከፈለ በሚለው ላይ ነው። በጎደስበርግ ዕዳውን የከፈለው ፓርቲው ነበር፤ የቀየማቸውን ሰዎች ፊት ለፊት አይቶ ሸኘ። በአወር መንገድ ሲኬድ ግን ከፋዩ አባሉ ነው። በኪሱ የያዘው ካርድ፣ በሰልፍ የዘመረው መዝሙር ከሥራው ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል፤ የነገረው ግን የለም። በ1982 «ከመግቢያው እንቢ» ብሎ ድምፁን የሰጠ ስፔናዊም፣ በ1986 ያንኑ ድምፁን ገልብጦ እንዲሰጥ ተጠየቀ።

በቅኔ ማኅበር ሰምና ወርቁን የሚለየው አድማጩ ነው። ቅኔው በተዘረፈበት ሰዓት ወርቁም እዚያው አለ፤ ሊቁ ይፈታዋል፣ ተማሪው ይማርበታል፣ ማንም አይታለልም። በምርጫ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ኅብረ ቃል ግን ወርቁ የሚወጣው ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አድማጩ ቅኔው ገባኝ ቢል፣ ድምፁ ከእጁ ወጥቶ ሳጥን ውስጥ ገብቷል።